የጠፉ ፊልሞችና ፈላጊዎቻቸው

መስከረም 26 ቀን 2006 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ፣ ሰዎች ለረጅም ዘመን ጠፉ ብለው ሲያዝኑባቸው የኖሩ ከ100 በላይ የሆኑ የአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍሎች በኢትዮጵያ ተገኙ ሲል ጻፈ። ወሬውም ወዲያው ባሕር ተሻገረ። እኔ ግን የዚህች አገር ልጅ ሆኜ፣ ዕድሜዬንም በመምህርነት አሳልፌ፣ ነገሩን የሰማሁት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የነገረኝም እንግሊዝ አገር ተምሮ የተመለሰ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። «ጋሼ፣ ፈረንጆቹ እኮ የእኛን መጋዘን ከእኛ ይልቅ ይመኙታል» ብሎኝ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሳቄ ብዙም አልቆየ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ድራማው «ዶክተር ሁ» ይባላል። የብሪታንያው ቢቢሲ በ1963 የጀመረው ሲሆን (የውጭ አገሩን ታሪክ ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ የፖሊስ ስልክ ቤት በምትመስል ሣጥን ውስጥ እየገባ ከዘመን ወደ ዘመን የሚጓዝ የአንድ እንግዳ ሰው ታሪክ ነው። ቤተ ሰብ በቅዳሜ ምሽት እንዲያየው ተብሎ የተሠራ ቀላል ጨዋታ ቢሆንም፣ ወዳጆቹ እንደ ጽዋ ማኅበርተኞች ቀን ቆርጠው እየተሰበሰቡ የሚያዩትና የሚከራከሩበት ሆኗል። ይሁን እንጂ ቢቢሲ ራሱ በጊዜው ይህን ያህል አላከበረውም። የማግኔት ቴፕ ውድ ነበር፤ መጋዘንም ጠባብ ነበር። ስለዚህ ከ1967 ጀምሮ እስከ 1978 ድረስ የድራማው ቴፖች እየተደመሰሱ ሌላ ዝግጅት ተቀረጸባቸው። የተረፈ ነገር ቢኖር ለውጭ አገር ገበያ ተብሎ በ16 ሚሊሜትር ፊልም የተገለበጠው ቅጂ ነው። ይህም ቅጂ ከአንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወደ ሌላው እየተላለፈ ብዙ አገር ዞረ። ከገዢዎቹም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። ያቋቋመውም አንድ የብሪታንያ ኩባንያ ነበር። አዲስ ጣቢያ ሁሉ እንደሚያደርገው የራሱ ዝግጅት እስኪበረክት ድረስ የሰውን ፊልም ይገዛ ነበርና የቢቢሲ ቆርቆሮዎች አዲስ አበባ መድረሳቸው የሚያስደንቅ አይደለም። የወሬውም ሥር ይኸው ነው። ሐሰት ሆኖ ቢገኝም ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አልነበረም።

ጋዜጣው ከጻፈ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ቢቢሲ እውነቱን ተናገረ። ፊልሞቹ የተገኙት በናይጄሪያ፣ ጆስ በተባለች ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። የተገኙት ክፍሎች 11 ሲሆኑ ከእነዚያ ውስጥ 9ኙ በዓለም ላይ የሉም የተባሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላም 97 ክፍሎች የገቡበት ሳይታወቅ ቀሩ። ስለ ማርኮ ፖሎ ጉዞ የሚተርከው የ1964ቱ ሰባት ክፍል ድራማ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ድምፁ ብቻ አለ፤ እሱንም ያስቀሩት ድርጅቱ ሳይሆን በየቤታቸው ቴፕ መቅረጫ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው የቀዱ ተመልካቾች ናቸው።

በዓለም ላይ የጠፋው ፊልም ብዛት እጅግ የሚያስገርም ነው። የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት እንደ ተመለከተው፣ ከ1912 እስከ 1929 በዚያ አገር ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ ከሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች መካከል፣ እንደ ወጡ ሆነው የተገኙት 14 ከመቶ ብቻ ናቸው። የጥፋቱም ምክንያት ጦርነትና እሳት ብቻ አይደለም። ፊልም ከታየ በኋላ እንደ ትናንት ጋዜጣ ይቈጠር ነበር። በውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት የሚያቀልጡት ነበሩ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልየስ፣ ሰውን በሲኒማ ወደ ጨረቃ የላከው ያ ብልኀተኛ፣ በ1923 የገዛ ፊልሞቹን በብስጭት አቃጠለ፤ ኋላም በፓሪስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊትና ከረሜላ ሲሸጥ ተገኘ።

የፊልሙ ሥጋም ደካማ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠራበት ናይትሬት የሚባለው ዓይነት ከባሩድ ጋር የተዛመደ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ የሚነድበትን አየር ከራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ ቢነከርም አይጠፋም። እሱን የተካው አሲቴት የተባለው በእሳት በኩል የታመነ ሆነ። ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ግን ከውስጡ አሲድ እያመነጨ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ቆርቆሮውን የከፈተ ሰው የኮምጣጤ ሽታ ይቀበለዋል። አንዱ ጥቅል ከታመመም ሽታው አጠገቡ ያለውን ያስይዘዋል። ይህን ሽታ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ሰብሳቢ የሚባለው ሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ቃል በሰማን ጊዜ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተጫኑት የብራና መጻሕፍት ትዝ ይሉናልና፣ ሰብሳቢን በጥርጣሬ ማየታችን አያስወቅስም። የፊልም ሰብሳቢም ቢሆን ንጹሕ መልአክ አይደለም። በአሜሪካ ፊልም ለሲኒማ ቤት ይከራያል እንጂ ለግለሰብ ስለማይሸጥ በቤቱ ያኖረ ሰው እንደ ሌባ ይቈጠር ነበር፤ በ1974 የፌዴራል ፖሊስ ሮዲ ማክዳዋል የተባለውን የታወቀ ተዋናይ ቤት በርብሮ ፊልሞቹን ወስዷል። ነገር ግን ሕጋዊው ባለቤት የጣለውን ሕገ ወጡ ሰው እየደበቀ ያዳነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» በ1927 በርሊን ውስጥ ከታየ በኋላ ብዙው ክፍል ተቈርጦ ተጣለ፤ በ2008 የጐደለው አብዛኛው ክፍል በአርጀንቲና፣ በቦነስ አይረስ የፊልም ሙዚየም ውስጥ ተገኘ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የፊልም ሐያሲ ለራሱ ብሎ ያስቀረው ቅጂ ግልባጭ ነበር።

የሰብሳቢው ፍቅር ግን አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ ካለው ይልቅ የሌለውን አብልጦ ይወዳል። በ1927 ቶድ ብራውኒንግ የሠራው «ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ» የተባለ ፊልም በዓለም ላይ ከጠፉት ሁሉ አብዝቶ የሚፈለግ ነው። የመጨረሻው ቅጂ በ1965 በኩባንያው መጋዘን እሳት እንደ ተቃጠለ ይነገራል። ከመጥፋቱ በፊት ያዩት የፊልም ታሪክ ዐዋቂዎች እምብዛም አላደነቁትም። ሆኖም የፊልሙ ማስታወቂያ የነበረ አንድ ወረቀት በ2014 በሐራጅ 478 ሺህ ዶላር ተሸጠ! ፊልሙ ቢገኝ ኖሮ ወረቀቱ ይህን ያህል የሚያወጣ አይመስለኝም። ያልታየ ፊልም አያሳፍርም፣ አይሰለችም፤ እያንዳንዱ ሰው በልቡ እንደሚወደው አድርጎ ይሠራዋል።

እኔን ግን ከሰብሳቢዎቹ ታሪክ ሁሉ የሚይዘኝ የጠፋው ነገር የሚገኝበት ቦታ ነው። የዳኒሹ የካርል ድራየር «የጃን ዳርክ ሕማማት» ዋናው ነጌቲቭ በ1928 በእሳት ጠፋ፤ በ1981 ሙሉ ቅጂው የተገኘው ኖርዌይ ውስጥ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሰሜን ካናዳ፣ ዶሰን በተባለችው የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ የሆነው ነው። ዶሰን የመንገድ መጨረሻ ነበረች። ፊልም በትልልቆቹ ከተሞች ታይቶ፣ በትንንሾቹም ታይቶ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ መመለሻው ከዋጋው በላይ ስለሆነ ባለቤቶቹ «እዚያው አጥፉት» ይላሉ። ከፊሉ ተቃጠለ፤ ከፊሉ ወንዝ ውስጥ ተጣለ። የቀረውን በ1929 ለአንድ የድሮ ዋና ገንዳ መሙያ አደረጉትና በላዩ የበረዶ መጫወቻ ሜዳ ተሠራ። ልጆችም ከበረዶው ብቅ ያለውን የፊልም ጫፍ በክብሪት እየለኮሱ ሲጫወቱ ኖሩ። በ1978 ለግንባታ ሲቈፈር 533 ጥቅል ወጣ። ያን ሁሉ ዘመን ያቈየው ማንም አይደለም፤ የማይቀልጠው የምድር ብርድ ነው።

ዶሰን፣ ቦነስ አይረስ፣ ጆስ፤ ሁሉም የመንገድ መጨረሻዎች ናቸው። ነገር ከመነሻው ይጠፋል፤ ከመድረሻው ግን፣ የሚመልሰው ስለሌለ ብቻ፣ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ አዲስ አበባ መድረሻ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ ባሻገር ደግሞ ሌሎች መድረሻዎች ነበሩ።

ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ከተማ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በደራሳ አውራጃ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የጌዴኦ ዞን ናት። አገሩ ተዳፋት ነው፤ እንሰቱ ከቡናው፣ ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ተደራርቦ የሚበቅልበት፣ ዝናብ የማይጠፋበት፣ ከጠባቡ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። ይህ አኗኗር ራሱ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለእንሰትና ለቡና የተስማማው ያ እርጥበት ለፊልም ሞት ነው። ከዶሰን ብርድ ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

በ1984 ዓ.ም. በወናጎ አካባቢ በአንዲት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ዘመን ተለውጦ ንብረት ይቈጠርና ይወገድ ተብሎ ሦስት ሆነን ኮሚቴ ተመረጥን። ዕቃ ቤቱ ውስጥ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የዛገ ማባዣ መኪና፣ አምፑል የሌለው የ16 ሚሊሜትር ፕሮጀክተርና በጆንያ የተጠቀለሉ ክብ ቆርቆሮዎች አገኘን። ፕሮጀክተሩ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ በድሮው ዘመን ፊልም ለትምህርትና ለማስታወቂያ እየተባለ በመኪና ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ይላክ እንደ ነበር ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዱን ቆርቆሮ ስከፍት ኮምጣጤ ሸተተኝ። በጊዜው የመሰለኝ ከቡና ማጠቢያው የሚመጣ የገለባ ሽታ ነው። ውስጡ ያለው ተጣብቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። የሁለተኛው ቆርቆሮ ፊልም ግን ሁለት ክንድ ያህል ተተረተረልኝ። ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየሁት። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰዎች በተርታ ቆመዋል፤ አንዱ ጋቢ ለብሷል፤ ከኋላቸው ሰፋፊ ቅጠል ይታያል። እንሰት ይመስላል። እንሰት በብዙ አገር ይበቅላልና ይህ ብቻውን ምንም አያስረዳም። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የድሮ ፊልም ነው፣ አይሠራም» አልሁ። ፊልሙ ጉድጓድ ገባ፤ ቆርቆሮውን ልጆች መኪና ሠሩበት። በተማሪዬ ቀልድ ሳቄ ያልቆየው ይህ ትዝ ብሎኝ ነው።

በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ብርቅ ነገር ነበረ ማለቴ አይደለም። ምናልባት ስለ ወባ ወይም ስለ ቡና አተካከል የሚያስተምር ፊልም ነበር፤ ምናልባትም ሌላ። የሚቈጨኝ ስሙን አለማንበቤ ነው። እንግሊዛውያኑ የሚፈልጉትን የሚያውቁት ዝርዝር ስላላቸው ነው፤ የትኛው ክፍል መቼ ታየ፣ ለየትኛው አገር ተሸጠ፣ የቱ ጐደለ፣ ሁሉም ተጽፏል። ከዝርዝሩ የተነሣ 97 ጐድሏል ለማለት ቻሉ። የእኛ ስንት ጐደለ? አንድ ነገር ጠፋ ለመባል እንኳ አስቀድሞ መኖሩ መጻፍ አለበት። ያልተጻፈው የሚጠፋ አይደለም፤ ጭራሽ እንዳልነበረ ይሆናል።

ለነገሩ ኢትዮጵያ ከሲኒማ ጋር የተዋወቀችው ዘግይታ አይደለም። የፊልም ማሳያ መሣሪያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደርሷል። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤትም ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞታል። የ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል በውጭ አገር ሰዎች ካሜራ ተነሥቷል። ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ቭላዲሚር የሹሪንና ቦሪስ ጸይትሊን የተባሉ ሁለት የሶቪየት ካሜራ ሠሪዎች መጥተው ያነሡት ፊልም በ1936 «አቢሲኒያ» ተብሎ ወጥቷል። ወራሪውም የራሱን አንሥቷል፤ ሉቼ የተባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ድርጅት ከሠራዊቱ ጋር እየዘመተ ያነሣው ሁሉ በሮም ተቀምጧል። የዚህ ድርጅት የዜና ፊልሞችና ፎቶግራፎች በ2013 በዩኔስኮ የዓለም መዘክር ውስጥ ተመዘገቡ። ስለዚህ ማይጨው ላይ የተዋጋው አርበኛ የልጅ ልጅ የአያቱን ዘመን በፊልም ለማየት ቢፈልግ ወራሪው ባነሣው ዐይን ሊያይ ነው። ይህን ስጽፍ ቅር እያለኝ ነው፤ ነገር ግን በመጠበቃቸው ልንወቅሳቸው አንችልም።

በራሳችን ቋንቋ የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም የልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። በ1957 ዓ.ም. አካባቢ፣ ቴሌቪዥኑ ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ ኢላላ ኢብሳ የጻፈውና ላምብሮስ ዮካሪስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ያዘጋጀው፣ በ35 ሚሊሜትር የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ከዓመታት በኋላ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በቀለም ተሠራ። የእነዚህን ሁለት ፊልሞች ስም የኢትዮጵያ ሲኒማ ታሪክ በተነሣ ቍጥር እንሰማለን፤ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፉታል። እስኪ አንባቢ ራሱን ይጠይቅ፤ «ሂሩት»ን በዐይኑ ያየ ሰው ስንት ያውቃል? እኔ አላየሁትም። ቅጂ በመጋዘን ውስጥ ቢኖር እንኳ፣ ካልታየ ለሕዝብ ያው የጠፋ ነው። በጠፋ ፊልም ምትክ የማስታወቂያ ወረቀቱን የሚያመልኩ ፈረንጆች ያስቁናል፤ እኛ ግን የምናመልከው ወረቀት እንኳ የለንም፤ ያለን ርእሱ ነው።

በአንጻሩ ኃይሌ ገሪማ በ1974፣ አብዮቱ በሚፈነዳበት ወራት፣ ከአሜሪካ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት መጥቶ በ16 ሚሊሜትር ያነሣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እስከ ዛሬ ይታያል። የተረፈበት ምክንያት ሥራው ታላቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሠሪው ራሱ ጠባቂው፣ ራሱም አከፋፋዩ ሆኖ ስለ ኖረ ነው። በደርግ ዘመን ተቋቁሞ ኋላ የፈረሰው የፊልም ኮርፖሬሽን ግን እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረውም፤ መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ዕቃው በርክክብ ያልፋል፣ በርክክብም ላይ የሚቈጠረው ቆርቆሮ እንጂ በውስጡ ያለው አይደለም። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 179 በ1991 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሕግ የለንም ልንል አንችልም።

የጌዴኦ አገር በትክል ድንጋዮቹ የታወቀ ነው። ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላን ያየ ሰው አይረሳቸውም። ከ60 በላይ በሆኑ ቦታዎች የሚገኙት ድንጋዮች ከ10 ሺህ እንደሚበልጡ ይገመታል። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ በተደረገና በ2021 በታተመ ምርመራ ደግሞ ከአንደኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የቆሙ መሆናቸው ታወቀ፤ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ከተከሏቸው ሰዎች የአንዱንም ስም አናውቅም። ፊልም የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰውየው ሲራመድ፣ ሲስቅ፣ ጋቢውን ሲያስተካክል ያሳያል፤ ግን አንድ ሰው የሚኖረውን ዕድሜ ያህል እንኳ በዝናብ አገር አይቆይም።

በ2007 ዓ.ም. ተማሪዬ ያን ወሬ ከነገረኝ በኋላ ወደ ወናጎ ሄድሁ። ትምህርት ቤቱ ታድሷል፤ ጉድጓዱ በነበረበት ላይ አዲስ የመማሪያ ክፍል ቆሟል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ወጣት ሰው ነው፤ የምፈልገውን ስነግረው ግር ቢለውም በትሕትና «ይቀመጡ፣ አባቴ» ብሎ የድሮውን መዝገብ እያራገፈ አወጣልኝ። የ1984ቱ የንብረት ማስወገጃ ቅጽ አልጠፋም፤ ምስጥም አልነካውም። በ27ኛው ተራ ቁጥር ላይ «ልዩ ልዩ ክብ ቆርቆሮ ከነውስጡ፣ ብዛት 11፣ አገልግሎት የማይሰጥ» ይላል። ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ። ሦስተኛው የእኔ ነው።